ጽዋው ጴንጤ ቤት የሰነበተበት ወር

ባለፈው ጥቅምት ደብረ ታቦር የሄድኩት ለሥራ ነበር። ቀኑ ቅዳሜ ስለሆነ ገበያውን ሳላይ አልመለስም ብዬ ወጣሁና ጌሾ ተራ ስደርስ እግሬ አልሄድ አለኝ። የደረቀ ጌሾ ሽታ ታውቁ ይሆናል፤ መረር ያለ፣ በአፍንጫ ገብቶ ምላስ ድረስ የሚወርድ ነው። ሰው ሁሉ እየገፋኝ ሲያልፍ እኔ አንዲት ሻጭ ጆንያ ፊት ተገትሬ አሸታለሁ። ሴትዮዋ ትንሽ ታገሠችኝና፣ «እታለም፣ ወይ ግዥ ወይ አሳልፊ፤ እዚህ ማሽተት በነጻ ሆነ እንዴ!» አለችኝ። አፍሬ ገዛሁ። ጠላ መጥመቅ አልችልም። ጴንጤ ከሆንን ወዲህ በቤታችን ጠላ የተጠመቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም የጠመቁት አያቴ፣ ወንዱ አያቴ ናቸው።

ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ በየቀበሌው የምርጫ ወሬ አዲስ ነገር ነበር። አባቴ ታደለ አናጢ ነው። የከተማው በር ግማሹ ከእሱ እጅ የወጣ ይመስለኝ ነበር። ቤታችን መንገድ ዳር ሆኖ ሁለት ክፍልና አንድ የሥራ ቤት አለው፤ አንደኛው ክፍል የአያቴ ነው። ሰው አያ ደምሌ ይላቸዋል፣ እኔ አባባ እላቸዋለሁ።

አባቴና እናቴ ጴንጤ ከሆኑ ገና ዓመት አልሞላቸውም። አባባ አልሆኑም። ጎረቤቱ ሁሉ ሽማግሌው ወይ ልጃቸውን ይረግማሉ፣ ወይ ጓዛቸውን ጠቅልለው ይወጣሉ ብሎ ሲጠብቅ፣ እሳቸው ያደረጉት ነገር ቢኖር በክፍላቸው ግድግዳ ላይ ያለውን የሚካኤልን ሥዕል ትንሽ ከፍ አድርገው መስቀል ብቻ ነው። እናቴ ረቡዕና ዓርብ ለእሳቸው ሽሮ ትሠራለች፤ ሁለት ወጥ መሥራት ስለሚሰለቻት እኛም ያንኑ እንበላለን። እንደ እኛ የሚጾም የጴንጤ ቤት በአገሩ አልነበረም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአባቴ ሥራ ቤት የወንድማማቾች ኅብረት ይሰበሰባል። አሥራ አንድ ወንዶች ናቸው። አንዱ ሲታመም እርሻውን ያርሱለታል፣ ጣራው ሲያፈስ ይከድኑለታል። ከእድርም ከማኅበርም የወጡ ስለሆኑ ከእርስ በርሳቸው ሌላ ሰው የላቸውም። ደንባቸው ጥብቅ ነው፤ መጠጥ አይጠጣም፣ አይጠመቅም፣ የጽዋ ማኅበር አይገባም፣ ተዝካር አይበላም። ጣውላ ላይ ተደርድረው ይዘምራሉ፣ ያነባሉ፣ ከዚያ ይከራከራሉ፣ በመጨረሻ እጅ ያወጣሉ። እኛ ትምህርት ቤት እጅ የሚወጣው ሽንት ቤት ለመሄድ ስለነበር፣ ያን ሁሉ ትልልቅ ሰው በአንድ ጊዜ የያዘው ሽንት ከልቤ ያሳዝነኝ ነበር።

ሊቀመንበራቸው ጋሼ ዮናስ የሚባል ጡረታ የወጣ ድሬሰር ነው። የሠፈሩን ልጅ ሁሉ መርፌ የወጋው እሱ ስለሆነ ከሩቅ ሳየው መቀመጫዬን ያመኛል። ሚስቱ የሞተችው በዚያው ክረምት ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ መቃብር ጴንጤ አይቀበልም፤ ስለዚህ ከከተማ ወጣ ብሎ በአንድ ዘመዱ መሬት ላይ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ቀበራት። ቦታው አጥር የለውም፣ ከብት ይግጥበታል። ጋሼ ዮናስ በሳምንት ሁለት ቀን በእግሩ እየሄደ ከብት ሲመልስ ይውላል ይባል ነበር። ኅብረቱ የመቃብር ቦታ እንዲሰጠው ደጋግሞ አመለከተ፤ መልስ የሚሰጠው አጣ። በመጨረሻ አንድ የቀበሌ ሰው፣ «በምክር ቤቱ የሚናገርላችሁ ሰው ሳይኖር ማን ይሰማችኋል?» አላቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ እጅ አወጡና አባቴን ለቀበሌው ምርጫ እጩ አደረጉት። ጴንጤ ያልሆነውም ሰው በሩን በዘጋ ቁጥር ታደለን ያስታውሳል ብለው ነው።

አባባም የራሳቸው ወንድሞች አሏቸው። የሚካኤል ጽዋ ማኅበር ይባላል፤ አሥራ ሁለት ሽማግሌዎች ወር በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን በየተራ ቤት ይሰበሰባሉ። ባለ ተራው ዳቦና ጠላ ያዘጋጃል፣ ቄስ ይባርካል። ከዚያ የሸክላው ጽዋ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ለቀጣዩ ባለ ተራ ይሰጣል፤ እሱም ወሩን ሙሉ በቤቱ አክብሮ ያስቀምጥና ይደግሳል። ደግሶ ጽዋውን ተረካቢው ሲቀበለው ተራውን ፈጸመ ይባላል። ያልፈጸመ ከማኅበሩ ይወጣል፤ ከማኅበሩ የወጣን ሰው ደግሞ ሲሞት ማኅበረተኛው አይሸከመውም። አባባ ከዚህ ዓለም የቀራቸው ጉዳይ አንድ ነው፤ በማኅበረተኞቻቸው ትከሻ ሄደው በሚካኤል ደጅ ከሴት አያቴ ጎን መቀበር። ሌላው ሰው ስለ ልጁ ሠርግ እንደሚያወራ እሳቸው ስለ ቀብራቸው ደስ ብሏቸው ያወሩ ነበር።

ጥቅምት አሥራ ሁለት ቀን አባባ ጽዋውን ታቅፈው መጡ። ባለፈው ተራቸው ሲደርስ እኛ ገና ጴንጤ አልሆንንም ነበርና ነገሩን ቀድሞ ያሰበበት ሰው የለም። እናቴ በር ላይ ስታያቸው እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ምን ላድርግ፣ ተራዬ ደረሰ» ብለው አልፈዋት ገቡ።

እኔ ተከትያቸው ገባሁ። «አባባ፣ ምንድን ነው?»

«ሚካኤል ነው» አሉኝና ከሥዕሉ ሥር መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት።

እንደ ነገሩኝ አመንኩ። ቅዱስ ሚካኤል እዚያ ሸክላ ውስጥ ገብቶ ለአንድ ወር እኛ ቤት በእንግድነት መጥቷል። ክንፉን እንዴት አድርጎ እንዳጣጠፈው ብቻ ነበር የቸገረኝ። ትምህርት ቤት ስሄድ ደህና ዋል እለው ጀመር።

ቅዳሜ ደረሰ። ኅብረቱ ከበሮ የለውም፤ ግን አሥራ አንድ ወንድ አንድ ላይ ሲዘምር የሥራ ቤታችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። እንግዳችን እንዳይከፋው ብዬ ሄድኩና ፍርሃቴን ዋጥ አድርጌ ጋሼ ዮናስ ፊት ቆምኩ።

«እባካችሁ ቀስ ብላችሁ ዘምሩ» አልኩት።

«ምነው ልጄ፣ የታመመ ሰው አለ?»

«የለም። ሚካኤል አባባ ክፍል ተቀምጧል። እስከ ኅዳር አይሄድም።»

አንዳንዶቹ ሳቁ። ጋሼ ዮናስ ግን ነገሩ ወዲያው ገባው። ወደ አባቴ ዞሮ፣ «ታደለ፣ የጽዋ ማኅበር ቤትህ ሊገባ ነው?» አለው።

«የአባቴ ተራ ነው እንጂ የእኔ አይደለም» አለ አባቴ።

«ጠላውንስ ማን ሊጠምቀው ነው? ስንዱ ናት?» ስንዱ እናቴ ናት።

አባቴ መላጊያውን አንሥቶ ስለቱን ይመረምር ጀመር።

«ስማኝ፣ አንተ እጩያችን ነህ» አለ ጋሼ ዮናስ፣ ድምፁን ሳያሳድግ። «እኛን ማወቅ የሚፈልግ ሰው የሚያየው አንተን ነው። ለምርጫ ብለው ደንባቸውን ጣሉ ካሉን፣ ነገ ስለ መቃብር ስንናገር ማን ያምነናል?»

ተከራከሩና ወሰኑ። ታደለም ሆነ ሚስቱ ለማኅበሩ ጠላ እንዳይጠምቁ፣ እንዳይነኩ፤ ከነኩ ከኅብረቱ እንዲታገዱ። ከአባቴ በቀር ሁሉም እጁን አወጣ። ሽንት እንዳልያዛቸው ያወቅኩት ያን ቀን ነው። በእኔ አፍ የመጣ ጣጣ መሆኑንም አውቄዋለሁ፤ ሥራ ቤቱ ጥግ ካለው የሰጋቱራ ክምር ሥር ብገባ በወደድኩ።

ከጥቂት ቀን በኋላ አያ ፈንቴ መጡ። የአባባ ማኅበር ሙሴ፣ ማለትም አለቃ ናቸው። ከአባባ ጋር አብረው ያደጉ፣ በሬ ሲያጥራቸው አቀናጅተው ያረሱ ሰው ናቸው። እኔ አባባ ጋቢያቸውን ሊጠቅሙ ስላሰቡ መርፌ ውስጥ ክር እያስገባሁላቸው ነበር። አያ ፈንቴ ተቀመጥ ቢባሉ አልቀመጥ አሉ።

«ደምሌ፣ ሰዎቹ እንቢ አሉኝ።»

«ምን ብለው?»

«ልጅህ ለቀበሌ ሊመረጥ ነው። ጴንጤ መሆኑንስ ቻልነው፤ እሱን የላይኛው ይዳኘው። አሁን ግን ሊያስተዳድረን ተነሣ። ማኅበሩም ከእድሩ ጋር ሆኖ የሚመርጠው ሰው አለው። ተፎካካሪው ቤት ገብተን ዳቦ ብንቆርስ ሰው ምን ይለናል?»

«ሚካኤልም ካርድ አውጥቷል በለኛ» አሉ አባባ።

«አትቀልድ። ልጅህ ስሙን ከምርጫው ካወጣ እንመጣለን። ካላወጣ ጽዋውን መልሰውና ለሌላ እንስጠው።»

«ሳልደግስ ከመለስኩትማ ወጣሁ ማለት ነው።»

አያ ፈንቴ መሬት መሬት አዩ። «እኔስ ምን ላድርግ» ብለው ወጡ።

አባባ ክር የገባበትን መርፌ ጋቢያቸው ላይ ሰኩት። ከዚያ፣ «ይህን ለአባትሽ እንዳትነግሪ» አሉኝ። የእኔ ነገር መቼም የታወቀ ነው፤ ራት ሳይቀርብ ነገርኩት።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ሥራ ልብሱን ሳይለብስ አባባ ክፍል ገባ።

«አባዬ፣ ቀበሌ ልሄድ ነው። ስሜን ላወጣ ነው።»

አባባ መጀመሪያ እኔን አዩኝ። በሩ ሥር ተለጠፍኩ።

«ለምን ታወጣለህ?»

«በእኔ ምክንያት ከማኅበርዎ ሲወጡ ዝም ብዬ አላይም። ሌላ ሰው ይወዳደር።»

«ሌላ ሰው አላችሁ?»

«የለንም» አለ አባቴ።

«የዚያ የመርፌው ሰውዬ ሚስት የት ነው የተቀበረችው?»

«ያውቁታል እኮ።»

«አውቀዋለሁ። ሄጄ አይቼዋለሁ። ጥጃ ራስጌዋ ላይ ተኝቶ ሲያመሰኳ አይቻለሁ።» መቼ እንደሄዱ ማናችንም አናውቅም፤ አባቴ ደንግጦ ተቀመጠ። «እኔ መቃብር እንዳላጣ ብለህ ሌላው መቃብር ይጣ? ይህን እያወቅኩ ከእናትህ ጎን ብጋደም ይመቸኛል? ተወኝ። የአንተን ወንድሞች አንተ ተሸከም፣ የእኔን እኔ እሸከማለሁ።»

«ጠላውስ?»

«እጠምቃለሁ።»

አባቴ በዚያ ሁሉ ጭንቅ መካከል ሳቁ አመለጠው። አባባ ግን አልሳቁም።

በእኛ አገር ወንድ ልጅ ጠላ ይጠጣል፣ ያማል፣ ያሞግሳል እንጂ አይጠምቅም። አባባ ጌሾውን ከገበያ ራሳቸው ገዝተው መጡ። እናቴ ጴንጤ ስትሆን እንስራዎቿን ለጎረቤት ሰጥታ ስለነበር፣ ሄደው የራሳችንን እንስራ ተዋሱ። ሙቀጫ ክፍላቸው ውስጥ አስገብተው መውቀጥ ጀመሩ። ሽታው በአንድ ጊዜ ቤቱን ሞላው፤ የመዝሙር መጽሐፋችን ሳይቀር ጌሾ ጌሾ አለ። የጎረቤት ሴቶች እሳት ለመጫር መጣን እያሉ ብቅ ይሉና፣ «አያ ደምሌ፣ ባለሙያ ወጣዎት!» ብለው አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ይሮጣሉ።

እናቴ ሁለት ቀን ቻለች። በሦስተኛው ቀን በክፍላቸው ደፍ ላይ መጥታ ቆመች፤ ሁለት እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ጣቶቿን ቆላልፋለች። ደንቡ አትጥመቁ፣ አትንኩ ይላል እንጂ አትናገሩ አይልም።

«ኧረ አባባ፣ ውኃው በዛ! ይቀንሱ!»

«ቀነስኩ።»

«ያ የጨመሩት ብቅል ነው አሻሮ?»

«ምን ልዩነት አለው?»

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እዚያች ደፍ ላይ ትቆማለች። አንድ ቀን እንስራው ሊያዘነብል ሲል አንድ እግሯ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ እንደ ተቃጠለ ሰው መለሰችው። እኔ የኅብረቱ አባል ስላልሆንኩ በመካከላቸው ተላላኪ ሆንኩ፤ አማስዪ ስትለኝ አማስላለሁ፣ ቅመሺ ሲሉኝ እቀምሳለሁ። ዳቦውን ግን እናቴ ራሷ ጋገረችው። ስለ ዳቦ ማንም እጅ አላወጣም።

በዚያ ዓመት በእኛ ከተማ ሰው ማንነቱ የሚታወቀው በሚቀብሩት ሰዎች ነበር። ይህን ያኔ በዚህ ቃል ልናገረው አልችልም ነበር፤ ግን ሁለቱም ወገን ቤታችንን ሲጎትት ይታወቀኝ ነበር።

ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን ከተማው እንደ ልማዱ በየደጁ ጥራጊ እያቃጠለ ጭስ በጭስ ሆኖ ዋለ። አባባ ክፍላቸው ሣር ተጎዝጉዞ፣ አባቴ የሠራው አዲስ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ፣ ጽዋው መሐል ተቀምጦ እሳቸው ነጭ ለብሰው በር ላይ ወጡ። ከቅዳሴ የተመለሰ ሰው በደጃችን ያልፋል። ማኅበረተኞቹም አለፉ። አንደኛው በማዶ በኩል ሄዱ። ሌላው የጫማ ማሰሪያ እንደተፈታበት ሰው ጎንበስ ብለው አለፉ፤ ያደረጉት የላስቲክ ጫማ ነው፣ ማሰሪያ የለውም። እኔ አንድ ሰው እንኳ እንዲገባ እየለመንኩ ጥፍሬን በልቼ ጨረስኩ።

ፀሐይ ዘንበል ስትል ተነሡ። «የሚካኤል ዳቦ አያድርም። ደጁ እወስደዋለሁ» አሉና እንስራውን ሊያነሡ ጎንበስ አሉ። ጉልበታቸው እንቢ አለ። ሁለተኛም ሞከሩ። አባቴ ከሥራ ቤት ወጣ፤ ልብሱ ላይ ያለውን ሰጋቱራ አራግፎ እንስራውን ትከሻው ላይ አደረገው።

«ታደለ፣ ኅብረቱ!» አለች እናቴ።

«አውቃለሁ» አለ።

አባባ ጽዋውን ይዘው ከፊት፣ አባቴ እንስራ ተሸክሞ ከመሐል፣ እኔ ከእናቴ ጋር ዳቦ ይዤ ከኋላ፣ ከተማውን አቋርጠን ሄድን። አንዱ ከሱቅ በረንዳ ላይ፣ «እጩው በጠላ ሊገዛን ነው!» ብሎ ሰውን አሳቀ። ጋሼ ዮናስ ደጁ ላይ ቆሞ አየን። አባቴም አየው።

በሚካኤል ደጅ ነዳያን እንደ ወትሮው ተደርድረዋል። የማኅበሩ ቄስ ከግቢ ሲወጡ አባባ መንገድ ላይ ቆሙባቸው።

«አባ፣ ተራዬ ነው። ሰዎቹ አልመጡም። ይባርኩልኝ።»

ቄሱ ዳቦውን አዩ፣ አባቴን አዩ፣ የተደረደረውን ሰው አዩ። «ለነዳያን የመጣ እህል አልባርክም የምል ቄስ አይደለሁም» ብለው መስቀላቸውን አወጡ። አባባ እየዞሩ በጽዋው አጠጡ። አንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት ጠጥተው ሲያበቁ፣ «የጠመቀችው እጅ ትባረክ፤ ትንሽ መርራለች እንጂ» አሉ። አባባ በዚያ ቀን የሳቁት እዚያ ላይ ነው።

አባቴ እንዳልተመረጠ አሁኑኑ ልንገራችሁና ልረፍ። ኅብረቱም ጠላ በመሸከሙ ሦስት ወር አገደው፤ ውሳኔውን ያነበበው ጋሼ ዮናስ ነው። ስለ መቃብሩ ቦታ ገና ብዙ ማመልከቻ ተጽፏል። ያ ግን የትልልቆቹ ጉዳይ ነው። እኔ የማልረሳው ከሚካኤል ደጅ ተነሥተን አያ ፈንቴ ቤት መሄዳችንን ነው። የሚቀጥለው ተራ የእሳቸው ነበር።

አባቴ ባዶውን እንስራ ይዞ መንገድ ላይ ቀረ። አባባ እኔን በአንድ እጅ ይዘው አጥሩ በር ላይ ተጣሩ። ከውስጥ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ማኅበረተኞቹ እዚያ ተሰብስበዋል። ድምፁ ቆመ። አያ ፈንቴ ብቻቸውን ወጡ።

«ቄሱ ባርከውታል፣ ነዳያን ጠጥተውታል» አሉ አባባ። እጄን ለቀቁና ጽዋውን በሁለት እጃቸው ዘረጉ። «ተራዬን ፈጽሜአለሁ። ተረከበኝ።»

አያ ፈንቴ እጃቸው ጋቢያቸው ውስጥ እንዳለ ቆሙ። ወደ ቤታቸው ዞረው አዩ፤ በር ላይ ራሶች ተደራርበዋል። ከዚያ መንገድ ላይ የቆመውን አባቴን አዩ። አባባ ጽዋውን ገና እንደዘረጉ ናቸው። ልደግፋቸው ፈልጌ ነበር፣ ግን የሚነካ ነገር አልመሰለኝም።

«ልጅህን አልመርጠውም» አሉ አያ ፈንቴ።

«አትምረጠው።»

«ማናችንም አንመርጠውም።»

«አትምረጡት» አሉ አባባ። «እኔን ግን ቅበሩኝ።»

አያ ፈንቴ እጃቸውን ከጋቢው አወጡና ጽዋውን ተቀበሉ።